ገበታ ላይ ኪኒን የለም

ውድ እትዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ስለማታስጨርሺኝ ነው። አትቆጪ፣ እውነቴን ነው። ገና «ሄሎ» ከማለቴ ምን ሆንክ፣ ድምፅህ ለምን እንዲህ ሆነ፣ በልተሃል ወይ ትይኛለሽ፤ ለሁሉም ራስሽ ትመልሺና «በል እሺ፣ ራስህን ጠብቅ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ዛሬ የምነግርሽ ነገር ደግሞ መሃል ላይ ከተቋረጠ ጉድ ይፈላል። ግማሹን ሰምተሽ የቀረውን ራስሽ ሞልተሽበት፣ ያለ ሻንጣ ከተፍ ትያለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ነገ ወደ እናንተ ከተማ የሚመጣው ባለታክሲው ጎረቤታችን ነው። በር ላይ አቁመሽ አትመርምሪው፣ የሚያውቀው ነገር የለም።

እኔ ደህና ነኝ። አሁን ሱቅ ውስጥ ነኝ፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የአንድ ሙሽራ ኮት ተዘርግቷል፣ አንድ እጅጌው ገና አልተያያዘም። ያንቺ የስፌት መኪና እንደ ድሮው መስኮቱ ሥር ነው፤ ዘይት እቀባዋለሁ እንጂ ማንም እንዲሰፋበት አልፈቅድም። እግሬ ግን አላርፍ ብሎኛል። ቁጭ ስል ጡንቻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሽው ይልብኛል፤ ስነሳ ይተወኛል፣ ስቀመጥ ይመለሳል። ማሳከኩን ተዪው፤ ጀርባዬን የበሩ መቃን ላይ ስፈትግ ደንበኛ ገብቶ ያገኘኝ ቀን አለ። ልኩን ልለካው ስጠጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ምን ይፈረድበታል?

ይቅርታ፣ ተነስቼ ጠረጴዛውን ዞሬ መጣሁ። ጽሑፌ እዚህ እዚያ ቢል እግሬን ውቀሺ።

እንግዲህ ልናገረው። እሑድ ትመጫለሽ። ከአዳሪ ትምህርት ቤትሽ ፈቃድ ወስደሻል፣ እነዚያን ሁሉ ሴት ልጆች ለምክትልሽ አስረክበሻል፣ ኩላሊትሽን ልትሰጪኝ ትኬትሽን ቆርጠሻል። ደማችን ገጥሟል፣ ምርመራሽ ሁሉ አልፏል፣ ሐኪሞቹ ጤናሽን አይተው ተገርመዋል። ቀዶ ሕክምናው ግን ተራዝሟል። ቀረ አላልኩም፤ ተራዘመ ነው ያልኩት። እባክሽ መልሰሽ አንብቢው።

ሰኞ ዕለት ቀዶ ሐኪሙ አስጠራኝ። ያነሱኝን ሲቲ ስካን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ወንበሬን ወደሱ ሳብ እንዳደርግ ነገረኝ። ከወገቤ በታች ያለው ነው፤ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ሌላው ግራጫ ነው። በዚያ ግራጫ መሃል ከዳሌዬ አጥንት አጠገብ ሌላ ነጭ መስመር ይወርዳል፤ የተቆራረጠ፣ እንደ ውስወሳ ስፌት ነገር። እኔ እሱም አጥንት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ደም ሥሬ ነው። ካልሲየም ግድግዳው ላይ ተጋግሮበታል። አዲሱን ኩላሊት ደግሞ አሮጌው ቦታ አይደለም የሚያስገቡት፤ ታች ሆድ ላይ ነው፣ የሚሰፉትም ከዚያው ደም ሥር ጋር ነው። ይህን አታውቂም አይደል? እኔም አላውቅም ነበር።

ሰውዬው ሥራዬን ያውቃል። የኮቴን ክፈፍ በጣቱ ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን አየና እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የምትሰፋው ጨርቅ ነው። እኔም ለስላሳ ነገር ነው የምሰፋው። ይህ ግን የእንቁላል ቅርፊት ሆኗል፤ መርፌ ሳስገባበት ይሰነጠቃል።»

እትዬ፣ እስከ ዛሬ ሐኪም ሲናገር ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ ገብቶኝ አያውቅም። ይህ ግን ገባኝ። እጄ ላይ ተሰማኝ። የቀኙ ደም ሥር እስከ ታች ተበላሽቷል። በግራ በኩል ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ጎን ለጎን ቢቀመጥ የምታህል ለስላሳ ቦታ ቀርታለች። ያቺ ቦታ እንዳለች ከቆየችለት ይሰፋባታል። ነጩ ነገር እሷንም ከያዛት የሚሰፋበት የለውም። ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ያነሱኛል። እስከዚያ የእኔ ሥራ ያቺን ቦታ መጠበቅ ነው።

እንዴት ተደርጎ ነው ሆድ ውስጥ ያለ ቦታ የሚጠበቀው አልኩት። ፎስፈረስህን አውርድ አለኝ፤ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ መድኃኒቴን በትክክል እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቆሽቴ አረረ። አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም አልኩት። እውነቴንም ነው፤ አንቺ ያሳደግሽኝ ሰው ኪኒን ይዘላል? እሱ ግን የደም ውጤቶቼን ሲያገላብጥ ቆይቶ የሆነ ነገር አልገጠመልኝም አለና ኩላሊት እጥበት ክፍል ያለችውን ነርስ እንዳነጋግር ነገረኝ።

ነገሩን እንደገባኝ ልንገርሽ፤ ነርሷ ሲገባኝ ጊዜ ነው የለቀቀችኝ። ፎስፈረስ የምንበላው ነገር ሁሉ ውስጥ አለ። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል፣ የእኔ አያስወጣም። የእጥበት መኪናው ቢታገልም ሁሉንም አይችለውም። ሲጠራቀም ነው የሚያሳክከኝ። አንገቴ ውስጥ ደግሞ ባቄላ የሚያካክሉ ዕጢዎች አሉ፤ እነሱ ይቆጡና ከአጥንቴ ካልሲየም እየነቀሉ ደሜ ውስጥ ይለቁታል። ሁለቱ ደም ውስጥ ይገናኙና ሄደው ደም ሥር ላይ ይቀመጣሉ። አጥንት መሆን ያለበት ይሳሳል፣ ደም ሥር መሆን ያለበት አጥንት ይሆናል። እዚያ ላይ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? አጥንቴን ሲያመኝ የዱቄት ወተት በቆርቆሮ በቆርቆሮ የላክሽልኝን አስታውሼ ነው። ወተት ፎስፈረስ በፎስፈረስ ነው። ስለምጠላው ነው የተረፍኩት፤ ሁሉንም ጎረቤት ጠጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፤ ስለዚህ ተነስቼ መስኮት ጋ ደርሼ ተመለስኩ።

ማክሰኞ የእጥበት ቀኔ ነበር። ነርሷን በሽተኞቹ ሁሉ አለቃ ነው የምንላት፤ ስትሄድ ጫማዋ አይሰማም፣ ድንገት አጠገብሽ ናት። መሃል ላይ እንደ ልማዴ ከቤት የያዝኩትን ዳቦና የእንቁላል ነጭ በላሁ። ፍርፋሪዬን ጠረግኩ፣ መሐረቤን አጠፍኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ከኪሴ ኪኒኔን አውጥቼ ዋጥኩ። ዘወር ስል አለቃ ቆማለች።

ለምን አሁን እንደዋጥኩት ጠየቀችኝ። ጨረስኩ እኮ አልኳት። ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው አለች። ታዲያ ከምግብ ጋር ነው የዋጥኩት፤ በላሁ፣ ከዚያ ዋጥኩ። ቤት ስትሆንስ አለች። ቤት ስሆን ከገበታ እነሳለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ ከልጆቹ ጋር ትንሽ እጫወታለሁ፣ ወደ ሱቅ ስመለስ መንገዴን ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን አውጥቼ እውጣለሁ። እኛ ቤት ገበታ ላይ ኪኒን አይወጣም አልኳት።

«ይህን ያዘዘህ የትኛው ሐኪም ነው?»

«እህቴ።»

አልሳቀችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት እንዲህ ስታደርግ ኖርክ አለችኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ኪኒኑ ሥራው ሆድ ውስጥ ምግቡን አግኝቶ ፎስፈረሱን ይዞ መውጣት ነው። ምግቡ ካለፈ በኋላ ምን ይይዛል? ይባስ ብሎ የእኔ ኪኒን ራሱ ካልሲየም ነው። የሚይዘው ነገር ሲያጣ እሱም ወደ ደሜ ይገባል። ሳላዛንፍ፣ በሰዓቱ፣ በሥርዓት፣ ደም ሥሬን ስለስን ኖሬያለሁ ማለት ነው።

እትዬ፣ ወረቀቱን እንዳታስቀምጪው። አሁን ፊትሽ ምን እንደሚመስል እዚህ ሆኜ ይታየኛል። እጅሽ አፍሽ ላይ ነው። አውርጂውና ስሚኝ። አለቃ ራሷ ይህ ነገር ኪኒኑን በትክክል የሚወስዱትንም እንደሚይዛቸው፣ ከበሽታው ስንቱ ከአዋዋጤ ስንቱ እንደመጣ ማንም ለይቶ እንደማያውቅ ነግራኛለች። ይህን ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ፣ ፊቴን አይታ። እኔም ላንቺ የምጽፈው እሑድ ስትመጪ እሷ እንዳትነግርሽ ነው። ከእኔ አፍ እንድትሰሚው ፈልጌ ነው።

ያቺን ቀን ታስታውሻለሽ? እኔ ትንሽ ነበርኩ፣ ግን አልረሳሁትም። አባባ የታመመ ጊዜ ጠርሙሶቹ ገበታው ላይ ከዳቦው ጎን ተደርድረው ይውሉ ነበር። እማማ ሳህኗን ትታ እነሱን ታያለች። እሷ እነሱን ስታይ አባባ እሷን ያያል፤ ከዚያ ሳህኑን ገፋ ያደርገዋል። እኛም ሁለታችን ማንኪያችንን እናስቀምጣለን። እንዲህ ሆኖ ስንት ምግብ ቀዘቀዘ። አንድ ቀን አንቺ ከሱቅ ገባሽ፣ ክር ሽርጥሽ ላይ ተጣብቆ፣ አየሽን፤ ጠርሙሶቹን ጠራርገሽ ሽርጥሽ ውስጥ ከተትሻቸውና ኮሪደሩ ላይ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሻቸው። ተመልሰሽም እንዲህ አልሽ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ገበታ ላይ ኪኒን የለም። እዚህ የምንቀመጠው ልንበላ ነው።»

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ብትሆኚ ነው። አባባ ሳቀ። «አለቃዬ መጣች» አለና ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። በላ እኮ! እስከ መጨረሻው ገበታ ላይ አባታችን ነበር፤ ኮሪደር ላይ ነው በሽተኛ የሚሆነው። አንቺ ያንን ሕግ ባታወጪ ኖሮ እኔ ዛሬ አባባን ሳስበው ጠርሙስ ነበር የሚታየኝ። አሁን የሚታየኝ ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለእማማ ሲገፋላት ነው።

እኔ ስታመምም ተራዬ ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ ኩላሊቴን ነው የሚጠይቀው። ደንበኛ ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ ስለ ኩላሊቴ ያወራኛል። ገበታ ላይ ብቻ ነው ሰው የምሆነው። ወድጄው ነው የጠበቅኩት እንጂ አንቺን ፈርቼ ብቻ አይደለም። እሺ፣ ትንሽም ፈርቼሽ ነው።

አሁን ነርሷ ስትነግረኝ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ኪኒኔን ከኪሴ አውጥቼ ሳህኔ ጠርዝ ላይ አኖርኩት። ባለቤቴ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች። ትንሿ ልጄ ግን ደነገጠች። «አባዬ፣ ገበታ ላይ!» ብላ ኪኒኑን በሁለት እጇ ሸፈነችው፤ ከዚያ በሩን አየች። አንቺ የምትገቢ መስሏት ነው። አንቺ ሌላ ከተማ ሆነሽ! ኪኒኑን ወደ ኪሴ መለስኩት። ትናንት ምሳ ላይ ደግሞ ማንም ሳይናገረኝ የገዛ እጄ እምቢ አለኝ። ኪሴ ውስጥ ኪኒኑን ጨብጦ ቀረ። ሩዙ አለቀ፣ ሰው ተነሳ፣ እኔ አሁንም እንደጨበጥኩ ነኝ። ለዚያ ሁሉ መርፌ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው አንዲት ኪኒን ገበታ ላይ ማውጣት አቃተው። ራሴን በጥፊ ብመታ ደስታዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። በየገበታው ያቺ ሁለት ቁልፍ የምታህል ቦታ ትታወሰኛለች። እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ጎኔ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት የሙሽራውን ዳሌ ስለካ የሰውዬው ደም ሥር ምን ያህል ለስላሳ ይሆን ብዬ አስቤ ሜትሩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ልጁ ወፈርኩ እንዴ አለኝ።

ስለዚህ የምለምንሽን ልንገርሽ። አንደኛ፣ ራስሽን አትብዪ። ሁለተኛ፣ አውቅሻለሁና፣ ሐኪሙ ላይ ሄደሽ አሁኑኑ ስፋልኝ፣ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ ብለሽ እንዳትጮሂበት። አይሰማሽም። እኔን በጣም ያስጨነቀኝ ያንቺን ኩላሊት አውጥተው የኔው ደም ሥር እምቢ ቢልስ የሚለው ነበር፤ ደህናውን ሰውነትሽን ለባዶ ነገር ቀደው ሲሰፉት እየታየኝ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኩት። «መጀመሪያ አንተን ከፍቼ አያለሁ» አለኝ፣ «እህትህን የምነካት ከዚያ በኋላ ነው።» ያንን ከሰማሁ ወዲህ ቢያንስ በአንድ ነገር ልቤ አርፏል። ሦስተኛው ልመናዬ ደግሞ ይህ ነው፤ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አንሺልኝ። ሌላ ሰው ቢያነሳው አይነሳም።

እዚህ ድረስ ጽፌ አቁሜ ነበር። ባለቤቴ ለምሳ ልትጠራኝ ሱቅ መጥታ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ኖሯል። አንቺ ዝምታ የምትያት ሴት ናት። ከተሰቀለው ኮቴ ኪስ የኪኒኑን ጠርሙስ አወጣችና ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች።

አሁን ከምሳ መልስ ነው የምጽፍልሽ። ስደርስ ጠርሙሱ ገበታው መሃል፣ ከውሃው ጆግ ጎን ተቀምጧል። ልክ እንደ ድሮው፣ ከዳቦው አጠገብ። እግሬ በር ላይ ተያዘ። ትንሿ ልጄ ወንበሯ ላይ ቆማ እጇን ወደ ጠርሙሱ ዘርግታለች፤ ልታነሳው ነው።

«ተይው» አለቻት ባለቤቴ። «እትዬ ፈቅዳለች።»

«መቼ?»

«ዛሬ። በደብዳቤ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ዘር ነው መቼም፣ ዓይኗ ያንቺ ነው፣ ሰው ሲዋሽ ያውቃል። እኔ ቶሎ ተቀምጬ አፌን በሩዝ ሞላሁት። ከዚያ አንዷን ኪኒን አወጣሁና ከሩዙ ጋር አኘክኋት። ልጅ ሆኜ የአባባን የልብስ ማስመሪያ ጠመኔ ስልስ ይዘሽኝ እጄን የመታሽኝ ትዝ ይልሻል? ያው ነው ጣዕሙ። እያኘክሁ ቀና ማለት ፈራሁ። ሳህን ሲገፋ፣ ማንኪያ ሲቀመጥ የምሰማ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬ ቆሞ ጠበቅሁ። ባለቤቴ እንደ እማማ ብታየኝ፣ ያን ጊዜ ነበር የምሞተው።

ማንኪያዎቹ አላቆሙም። ትልቁ ልጄ ዳቦውን ሳበ። ባለቤቴ ሩዝ ጨመረችልኝ። ትንሿ ስታስብ ስታስብ ቆይታ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ውሃውን አቀብለኝ፣ ያንተ ጠርሙስ ጋ ነው ያለው» አለችኝ። አቀበልኳት። ማንም መብላት አላቆመም፣ እትዬ። ሁሉም በላ።

ያቺ ቦታ ትቆይ አትቆይ አላውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። የተጋገረው እንደማይመለስ ነግሮኛል፣ የቀረውን ግን በየገበታው እጠብቀዋለሁ። አንቺም እሑድ ነይ፤ ትኬቱን እንዳትመልሺው። ለሆስፒታል ያዘጋጀሽውን ሻንጣ እዚያው ተዪውና ለቤት ብቻ ያዥ። ከፊት ለፊቴ ትቀመጪያለሽ፣ ጠርሙሱንም አንቺ ታቀብይኛለሽ። ካለቀስሽ ግን ኮሪደር ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ባለቤቴ ልጆቿን ዋሽታ አታውቅም። ዛሬ ግን አንቺ ያላነበብሽውን ደብዳቤ ይዛ ባንቺ ስም ፈቅዳለች። ትንሿ ደግሞ እሑድ በር ላይ ጠብቃ እንደምትጠይቅሽ ከአሁኑ አስታውቃለች። ባለቤቴን ውሸታም እንዳታደርጊያት።

ቦታሽን ማንንም ሳያስነካ የሚጠብቅልሽ ወንድምሽ፣
ያው ችኩልሽ